መርዶ ይዤ ስወርድ

ዓርብ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ላምበረት መናኸሪያ

ኪሴ ውስጥ ሁለት ስልክ አለ። አንዱ የእኔ ነው። ሌላው ቁልፎቹ የተፋቁ፣ ክዳኑ እንዳይወልቅ በላስቲክ የታሰረ የእናቴ ስልክ ነው። ከአርባዋ ማግስት እህቴ በሻሽ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «አንተ ያዘው ጋሼ፤ እኔ በጠራ ቁጥር አልችልም» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ ቁጥሩ እንዳይቋረጥም በየጊዜው ካርድ እሞላበታለሁ። እናቴ ካረፈች ዛሬ 58 ቀኗ ነው።

ባለፈው ሰኞ ስልኩ ጠራ። የደወሉት የሸዋ ሮቢቷ ወዳጇ ናቸው። እናቴ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ቆልታ ለመንገደኛ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ እሳቸው ቆላ ወርደው የሽንኩርት ነጋዴ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዷ ስትወጣ አንዷ ስትወርድ፣ መሽቶባቸው የሚያድሩት አንዷ ከሌላዋ ቤት ነበር። እትዬ ክረምቱን አዳማ ልጃቸው ዘንድ ከርመው ገና መመለሳቸው ነበር። «ምነው አንቺ፣ ድምፅሽ ጠፋ?» ብለው ጀመሩ። ልጇ መሆኔን ነገርኳቸው። «እሷስ?» አሉኝ። «ትንሽ አሟት ነበር እትዬ። እኔው መጥቼ አጫውትዎታለሁ» አልኩና ዘጋሁት።

ዋሸሁ። ግን መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ ነጋሪ ጎረቤት ይዞ፣ ጎህ ሳይቀድ ሄዶ፣ ባለቤቱ ከደጃፉ ሳይወጣና እህል ሳይቀምስ በገዛ ቤቱ ነው የሚያረዳው። እኔም እንደዚያው ተረድቻለሁ። ነሐሴ ላይ ለሥራ ጋምቤላ ነበርኩ። ሦስት ባልደረቦቼ ሌሊት 11 ሰዓት በሬን ሲያንኳኩና ሦስቱም ጋቢ ደርበው ቆመው ሳይ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። ደብረ ሲና ስደርስ ግን ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛ ስቀበል፣ ንፍሮ ሳሳልፍ፣ የእድር ዕቃ ቆጥሬ ስረከብ ሠልስቱ አለፈ። አርባውም እንዲሁ በእንጀራ ቁጥር አለፈ። ሰው ሁሉ «አቤት ጥንካሬው» አለኝ። በአማርኛ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ሌላ ስም አለው፦ እርሙን ያላወጣ።

ሰኞ ንጋት ላይ እትዬ ቤት መድረስ አለብኝ። እስከዚያ ያሉትን ቀናት ደብረ ሲና ላይ ጭላዳና ንስር ሳይ እቆያለሁ። ለሰው የምናገረው ይህንን ነው፤ ባይኖኩላሬንም አንግቻለሁ። እውነቱን ለዚህ ደብተር ልንገረው፦ ፈርቻለሁ።

የዚያኑ ዕለት፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ሸኖ ላይ ቅቤ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በዚህ አገር ሳይሆን አይቀርም። ከደብረ ብርሃን ወዲህ ሜዳው ገብስ ብቻ ነው፤ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ገና እሸት። አደዩ አርጅቷል፤ ግን በየወሰኑና በየገደሉ አፋፍ ላይ አሁንም ቢጫው አልጠፋም።

ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። አቅራቢዋ «በዚህ የጸደይ ወቅት» ትላለች። ሁልጊዜ የሚያናድደኝ ነገር ነው። ጸደይማ መጋቢት 26 የሚገባው ነው። አሁን ያለንበት መጸው ይባላል፤ መስከረም 26 ይገባል፣ ታኅሣሥ 25 ይወጣል። ስሙን የቀማነው፣ ይመስለኛል፣ አበባ ሲፈካ አይተን የፈረንጆቹን የአበባ ወቅት ስም ስለሰጠነው ነው። በእነሱ አገር በዚህ ወር ቅጠል ይረግፋል፤ ዛፉ ራቁቱን ይቆማል፤ ጸሐፊዎቻቸውም ስለ መለያየት ይጽፋሉ። አንድ ወዳጄ ከእንዲህ ካለ ጽሑፍ ያገኘውን ምክር ለግሶኝ ነበር፦ «ዛፍ እንኳ ቅጠሉን ይለቃል፤ አንተም ልቀቃት።» ይኸው ዛፉ። ከደብረ ሲና በስተደቡብ ወደ አንኮበር የተዘረጋው የወፍ ዋሻ ደን ጽድ ነው፣ ዝግባ ነው፣ ወይራ ነው። ጥቅምት ቢመጣ፣ ኅዳር ቢመጣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቅሃል እንጂ ምንም አይለቅም። የእኛ መጸው ለሐዘንተኛ የማይመች ወቅት ነው። ሁሉም ነገር ሲያብብና ሲያፈራ ብቻህን ደርቀህ ትገኛለህ።

ጣርማ በር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ። በልጅነቴ ከዚህ ዋሻ ውስጥ ትንፋሼን ይዤ እስክንወጣ ለመቆየት እሞክር ነበር፤ አንድ ጊዜም ተሳክቶልኝ አያውቅም። በዚህኛው በኩል ጉም፣ በዚያኛው በኩል ፀሐይ። ከዋሻው ስትወጣ ምድር ከእግርህ ሥር ትከዳለች። ደብረ ሲና ከታች ቆርቆሮዋ ያብለጨልጫል፤ ከእሷ ባሻገር የይፋት ቆላ እስከ አፋር ድረስ በጭጋግ ተዘርግቷል።

መኪናው ደብረ ሲና ሲቆም ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ወረሩት። ከመካከላቸው አንዷ አወቀችኝ። እጇ ላይ ያለውን ስኒ ሙሉ ቆሎ ኪሴ ውስጥ ገልብጣ፣ ገንዘብ ስዘረጋ ዞር አለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12፣ ከዋሻው በላይ

ጭላዳ ሌሊቱን የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ነብርና ጅብ በማይደርስበት የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተጣብቆ ያድርና ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ አፋፉ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ድምፅ ነው የሚመጣው፤ ሰው በሩቅ ሲያወራ የሚመስል ማጉረምረም። ከዚያ አንድ ራስ ብቅ ይላል። ቀጥሎ ሃምሳ፣ ስልሳ።

ከዝንጀሮ ዘር ሣር ግጦ የሚኖር እሱ ብቻ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭም አገር የለውም። እንደ በግ አጎንብሶ አይግጥም። ቁጭ ይልና በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ ይጎርሳል፤ እዚያው ሲጨርስ ቂጡን ሳያነሣ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ነፋሱ ጋብ ሲል የስድሳ ጭላዳ የመንጨት ድምፅ ይሰማሃል፤ ጨጭ፣ ጨጭ። ወንዶቹ ጎፈራቸውን ነስንሰው፣ ቀይ ደረታቸውን ገልጠው የተቀመጡት እንደ ድሮ ባላባት ነው። ቀኑን ሙሉ ባየው አይሰለቸኝም።

የበግ ለምድ ኮፍያ የሚሸጥ ልጅ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ኮፍያ እንደማልገዛ ሲገባው ባይኖኩላሩን ለመነኝ። ሰጠሁት። ብዙ ሲያይ ቆየና፣

«ያችኛዋን አይተሃል ጋሼ? ያች ጨርቅ የያዘችውን።»

አየሁ። አንዲት ሴት ጭላዳ ከመንጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በአንድ እጇ ሣር ትነጫለች። በሌላው ክንዷ ደረቷ ላይ አጣብቃ የያዘችው ግን ጨርቅ አልነበረም። ቆዳው ደርቆ ከአጥንት ጋር ተጣብቋል። ጅራቱ እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል። መንጋው ፈቀቅ ሲል ተነሣች፤ በሦስት እግር እያነከሰች ሄደች፤ አራተኛው እጇ ሥራ ላይ ነው። ስትቀመጥ ጉያዋ ውስጥ አስተኛችውና የሌለ ፀጉሩን በጣቷ ፈለግ ፈለግ አደረገች። ከዚያ ሣሯን መንጨት ቀጠለች።

«ሞቷል እኮ» አለ ልጁ። «ከመስቀል ወዲህ ተሸክማው ነው የምትዞረው። ድንጋይ ብንወረውርባት እንኳ አትጥለውም።»

«ለምን ትወረውራላችሁ?»

«ገብስ ሲበሉ ነዋ» አለኝ፤ ይህንን የሚጠይቅ ሰው ገበሬ እንደማይሆን ገብቶታል።

ከመስቀል ወዲህ ማለት 25 ቀን ነው። ስለዚህ ነገር አንብቤ ስለነበር ልጁን አመንኩት። ከዚህ በስተሰሜን፣ መንዝ ውስጥ ጓሳ አለ፤ የመንዝ ገበሬ ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት ሣሩን እየዘጋና እየከፈተ በጋራ ሲጠብቀው የኖረው ደጋ። እዚያ ጭላዳን የሚያጠኑት ፒተር ፋሺንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አራት ዓመት ባልሞላ ክትትል የሞተ ግልገል የተሸከሙ 14 ሴቶች ማየታቸውን ጽፈዋል። አንዷ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው የያዘችው። ሌላዋ 48 ቀን፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ደጋው ብርድና ደረቅ ነፋስ ስላለው በድኑ ቶሎ አይበሰብስም፤ ይደርቃል። ይህን ያህል መሸከም የሚቻለው ለዚያ ሳይሆን አይቀርም።

48 የሚለውን ቁጥር ደብተሬ ላይ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩ። እኛ ሙታችንን በአርባ ቀን እንዘክራለን። ከአርባ በኋላ ሰው «ይበቃሃል» ማለት ይጀምራል፤ ጥቁር ልብስህን ያስወልቁሃል፣ ጢምህን ያስላጩሃል። በደግነት ነው። ያቺ የጓሳ እናት ግን አርባዋን አልፋ ስምንት ቀን ጨምራለች፤ መንጋው ሁሉ ሣሩን ሲነጭ እሷም በአንድ እጇ እየነጨች። እኔ ዛሬ 59ኛ ቀኔ ነው። ኪሴን ዳሰስኩት። ስልኩ አለ።

እንስሳ ለሰው መስተዋት ሆኖ እንዲያገለግል ብቻ አልተፈጠረምና ጽሑፉ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ሁለት ነገሮችም እዚህ ላስፍር። አንደኛው ደስ አይልም። ተመራማሪዎቹ በሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሁለት ጭላዳዎችንም ተከታትለው ነበር፤ መንጋው ለሚያጣጥሩት እንክብካቤ ሲያደርግ አላዩም። ለሞተው የሚሳሳው መንጋ ለሚሞተው አይቆምም። ሌላው ግን ከአንድ ሳምንት በላይ ሲመላለስብኝ የኖረ ነው፦ የሞተውን ግልገል የተሸከሙት እናቶች ብቻ አልነበሩም። የዚያው መንጋ ሌሎች ሴቶችም ተቀብለው ይዘውታል፤ አልፎ ተርፎ ከነጭራሹ የሌላ መንጋ ሴቶች። ልጁ የእነሱ አይደለም፤ እናቱም ከመንጋቸው አይደለችም።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ መጥቶ ሁሉንም ሸፈነው። ልጁ ኮፍያውን አስገዝቶኝ ሄደ።

ቅዳሜ ሌሊት፣ ደብረ ሲና

እንቅልፍ የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ የከበሮና የጸናጽል ድምፅ ይመጣል። ዘመነ ጽጌ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 6 በእሑድ ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌተ ጽጌና ሰቆቃወ ድንግል ይቆማል። ይኸም አርባ ቀን ነው። አበባና ስደት ባንድ ሌሊት ይዘመራል፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት መታሰቢያ ነውና። እናቴ በዚህ ወቅት የምትቆላውን ቆሎ ግማሹን ለቆመው ካህንና ለዘማሪው ትልክ ነበር። ዘንድሮ እህቴ ላከች። ስትቆላ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ምጣዱ ላይ ገብሱ ሲንጣጣ «እንደ እሷ አልሆነልኝም፣ አሳረርኩት» አለችኝ። ቀመስኩት። አሳርራዋለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 13፣ ገደሉ አፋፍ

ንስር እንደ መንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከሦስት ሰዓት በፊት ሥራ አይጀምርም። ክንፉን እያራገበ ረጅም መንገድ መሄድ አይችልም፤ ምድር ሞቃ የምታወጣውን ሽቅብ አየር ይጠብቃል። በዚህ ገደል ደግሞ ከቆላው የሚነሣው ነፋስ ግድግዳውን ሲመታ ወደ ላይ ስለሚጎን መንገዱ የተነጠፈ ነው። አንዱ ንስር በክብ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ነጥብ እስኪያህል ይወጣል፤ ከዚያ ክንፉን ዘርግቶ ወደ ደቡብ ይንሸራተታል። አንድም ጊዜ አላራገበም።

እነዚህ የእኛ አይደሉም። ከካዛኪስታን፣ ከሩሲያና ከሞንጎሊያ ሜዳዎች ነው የሚመጡት። ባሕር ላይ ያ ሽቅብ አየር ስለሌለ ቀይ ባሕርን በሰፊው በኩል አይደፍሩትም፤ ከየመን ወደ ጅቡቲ በጠባቡ ባብ ኤል መንደብ ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው ጅቡቲ ዳርቻ ላይ ቁጭ ብለው የቆጠሩ ሰዎች በአንድ ወቅት ብቻ ከ240 ሺህ የሚበልጡ ንስሮች፣ ጭልፊቶችና መሰሎቻቸው ሲያልፉ መዝግበዋል። ከዚያ ወዲህ ከእነዚያ ሜዳዎች የሚመጣው የዚህ ንስር ቁጥር እጅግ ቀንሶ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል። አንዱ ገዳዩ የመብራት ምሰሶ ነው፤ ሊያርፍበት ሲል ሽቦው ያቃጥለዋል።

ከሥር ስታያቸው ክንፋቸው ላይ ሰፊ ነጭ መስመር ያላቸው አሉ። ዘንድሮ የተፈለፈሉት ናቸው። ይህን አገር አይተውት አያውቁም።

ከሁሉም የሚገርመኝ አመላለሳቸው ነው። ብዙዎቹ በመጡበት አይመለሱም። መጋቢት ሲደርስ በባብ ኤል መንደብ ሳይሆን ወደ ሰሜን ርቀው በግብፅና በሲና በረሃ በኩል ይዞራሉ። ይህቺ ደብረ ሲና የተባለች ከተማ የሲና መሄጃቸው ላይ መሆኗን ሳስብ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

እስከ 7 ሰዓት 63 ቆጠርኩ። ድንጋዩ ሥር አንዲት ዳማ ትንሽ ወፍ ስትለቅም ነበር፤ አንኮበር ሴሪን የምትባለዋ ወፍ መሰለችኝ፤ እርግጠኛ ሳልሆን በረረች። ሳይንስ ያወቃት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ገደሉ ላይ ያሉት እረኞች ስንት ዘመን ሲያውቋት ኖረው ይሆን?

አንድ ሽማግሌ በጎቻቸውን እየነዱ መጡና ከዱላቸው ላይ ተደግፈው ቆሙ።

«ምን ትቆጥራለህ ልጄ?»

«ንስር ነው አባባ።»

«ከየት የመጡ ናቸው?»

ነገርኳቸው። በረዶውን፣ በረሃውን፣ ባሕሩን። በጥሞና ሰሙኝ። «ስደተኞች ናቸዋ» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና «ሲመለሱ የጎደለውን የሚቆጥር አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

እንዳለ ነገርኳቸው፤ ወዲያ ማዶ የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ።

«እኔም አንድ ልጅ አለኝ» አሉ። «በ2013 ነው የዘመተ። መርዶም አልመጣ፣ እሱም አልመጣ። እናቱ ነጠላዋን ታዘቅዝቀው? አታዘቅዝቀው? ይኸው ሁለት ዓመት በመሀል ይዛዋለች።»

የምለው ጠፋኝ። የሰሜኑ ጦርነት በኅዳር 2014 እዚህ ድረስ ወርዶ ነበር፤ ሸዋ ሮቢትም ደብረ ሲናም ተይዘው በወሩ ውስጥ ተለቀዋል። እናቴ ቆሎዋን እሳት ላይ ትታ ደብረ ብርሃን ድረስ የሸሸችው ያኔ ነው። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ እንደ እኚህ ሽማግሌ ያለ ስንት ቤት እንዳለ የሚቆጥረው የለም። እኔ መቃብሯን አውቀዋለሁ፤ ዓመቷ ሲደርስ የት እንደምቆም አውቃለሁ። ቁርጡን የሚያውቅ ሰው ሀብታም ነው።

ያን ጊዜ «እርም ማውጣት» የሚለውን ነገር አሰብኩት። እርም ማለት የተከለከለ፣ የማይነካ ነው። ሳታለቅስ የበላኸው ሁሉ እርም ሆኖ ውስጥህ ይቀመጣል፤ ስታለቅስ ታወጣዋለህ። ቃሉ ስለ ሟች አንድም ነገር አይልም። ልቀቃት፣ ተዋት፣ ትሂድ አይልም። ያለብህን አውጣ ነው የሚለው። ወዳጄ ካመጣልኝ የቅጠል ምክር ይልቅ ይህ ገባኝ። ሽማግሌው ግን ይህም ተነፍጓቸዋል፤ የሚያወጡበት ለቅሶ የላቸውም።

«ይምጣልዎ አባባ» አልኳቸው።

«አሜን» አሉና በጎቻቸውን ተከተሉ።

64ኛውን ንስር አልቆጠርኩትም። ሚኒባስ ይዤ ወደ ቆላ ወረድኩ።

እሑድ ማታ፣ ሸዋ ሮቢት

ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን ወቅት ለውጠህ የምትገባበት መንገድ ነው። አርማንያ ላይ ሹራቤን፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ኮቴን አወለቅኩ። ደጋ ላይ እሸት የነበረው እዚህ ማሽላ ሆኖ ቆሟል። ግመል መንገዱን ያቋርጣል። ማንጎና ፓፓያ በየጓሮው ነው።

ከአልጋ ቤቱ ወጥቼ የሮቢ ወንዝ ውኃ ወደሚጠጣው የሽንኩርት ማሳ ሄድኩ። በተቆፈረው መደብ መካከል ጅራታቸውን የሚወዘውዙ ቢጫ ወፎች ሞልተዋል፤ እነሱም ከአውሮፓ ለበጋው የመጡ እንግዶች ናቸው። ገበሬው ከእግሩ ሥር ሲመላለሱ ዞር ብሎም አያያቸውም፤ ትሉን ይለቅሙለታል። ማሽላው ውስጥ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ማማ ላይ የወጡ ልጆች ወንጭፍ እያስጮሁ «ሀይ! ሀይ!» ይላሉ። ግሪሳ መጥቷል። አንድ ጊዜ እንደ ጭስ ተነሥቶ ሰማዩን አጠቆረና ተጠቅልሎ ከሌላው ሰው ማሳ ላይ ወረደ። የዚያኛው ማሳ ልጅ መጮህ ጀመረ። ስለ ወፍ ፍቅር የምንጽፍ ሰዎች አንድ ጥቅምት ማማ ላይ ብናድር ጥሩ ነበር።

ሲመሽ የእትዬን ጎረቤቶች ፈልጌ አገኘሁ፤ አንድ አዛውንትና ሁለት ሴቶች። ነገርኳቸው። አንደኛዋ አፏን በእጇ ያዘች። «ሱብሂ ከሰገዱ በኋላ እንሄዳለን» አሉ አዛውንቱ። ተስማማን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 14

በሩን ሲከፍቱ መስገጃቸው ገና አልተጠቀለለም። አራታችንን አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ልጄ ናት? አዳማ ምን ሆነች?» አሉ። አዛውንቱ «ኧረ ልጅዎ ደኅና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ። ኮፍያዬን አወለቅኩ። ያ የበግ ለምድ ኮፍያ ነው፤ ለምን በዚያ ሙቀት እንዳደረግኩት አላውቅም።

«እሷ ናት?»

«አዎ እትዬ።»

እዚያው ደጃፉ ላይ መሬት ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ ምንም አላሉም። ከዚያ የእናቴን የልጅነት ስም ጠሩ፤ እኔ እንኳ በስንት ዓመቴ የሰማሁትን፣ እቤት ውስጥ ማንም የማይጠራትን ስም። ደግመው ጠሩት። አዛውንቱ በለሰለሰ ድምፅ «ሶብር ያድርጉ፣ ድምፅ ማሰማት አይገባም» ሲሉ፣ እትዬ ቀና ብለው «ለእሷስ ላሰማ! አላህ ይቅር ይበለኝ» አሉ።

ሴቶቹ መጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ቤቱ ሞላ። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም። አብዛኞቹ እናቴን አይተዋት አያውቁም፤ የደብረ ሲና ቆሎ ሻጭ መሆኗን የሰሙት ገና አሁን ነው። አንዷ ጥግ ይዛ በ2014 የሞተባትን ወንድሟን ስም እየጠራች አለቀሰች። ሌላዋ የእናቴን ስም ከእትዬ አፍ ተቀብላ፣ ስታውቃት እንደኖረች ሁሉ እየደጋገመች ጠራችው። እኔ የተቀመጥኩት በር ሥር ነበር። መቼ እንደጀመርኩ አላውቅም። አንዲት የማላውቃት አሮጊት ጭንቅላቴን ይዛ ሆዷ ላይ አስደግፋ «አብሽር ልጄ፣ አውጣው፣ አውጣው» ስትል ነው ራሴን የሰማሁት። 61ኛው ቀን ነበር።

ረፋድ ላይ የማሾ ንፍሮ ቀረበ። ቡና ተፈላ። እትዬ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና ስለ እናቴ አወሩልኝ፤ አንዴ ሁለቱ የጭነት መኪና ላይ ሽንኩርት መካከል ተቀብረው በዝናብ ጣርማ በርን ያለፉበትን፣ እናቴ ዋሻው ውስጥ ትንፋሿን ይዛ ለመቆየት እየሞከረች በሳቅ ያቃታትን። ይህን ነገር ነግራኝ አታውቅም። እኔም ነግሬያት አላውቅም።

መሄጃዬ ሲደርስ ስልኩን አውጥቼ አሳየኋቸው። እንዲይዙት ፈልጌ ነበር፤ ከእጄ እንዲወጣ። ላስቲኩን በጣታቸው ዳሰሱትና መለሱልኝ።

«አንተ ጋ ይሁን። ቁጥሩን ብቻ አታዘጋው» አሉኝ። «እኔ የምደውለው ለማን ነው?»

ይህን የምጨምረው ቆይቼ ነው፦ ከዚያ በኋላ ወደ ሸዋ ሮቢት አልወረድኩም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ ነው፤ እህቴም ደብረ ብርሃን ገብታለች፤ ቆሎውን እዚያ ትቆላለች፤ አሁን አታሳርረውም። ስልኩ ባትሪው አብጦ ነበር፤ አስቀየርኩት። እትዬ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይደውላሉ። የሽንኩርት ዋጋ ይነግሩኛል፣ ግሪሳው መጥቶ እንደሁ ይነግሩኛል። አነሣለሁ።